ሰሌዳ የሌለው የገርጂ ጋራዥ እና ቤንዚን የምትጠጣው ቪትዜ

ነጥቡን አስቀድሜ ልስጥና ልገላገል፦ ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት በምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ሥራቸውን የሚመለከት አይደለም።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 2007 የተሠራች ብርማ ቶዮታ ቪትዝ ናት። አውቶማቲክ፣ ባለ አንድ ሊትር ሞተር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር። ሦስት የሚለውን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል። ቤቴ አያት ነው፣ ሥራዬ ሜክሲኮ። በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቁጥር ሲዛነፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። በ2015 የነዳጅ ክፍያ በስልክ ይሁን ሲባል ብዙ ሰው ተማሮ ነበር፣ እኔም አንዷ ነበርኩ። አሁን ግን ስልኬን ከፍቼ የቴሌብሩን ታሪክ ወደ ኋላ ስመለከት መቼ እንደቀዳሁና ስንት እንደከፈልኩ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ኪሎ ሜትሩን ደግሞ በቀዳሁ ቁጥር ማስታወሻ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አለካኬ ቀላል ነው፦ አንድ ማደያ፣ አንድ ማሽን፣ ጠመንጃው ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ሙሉ። በቀጣዩም እንደዚያው ሙሉ። የተነዳውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል ነው። በጌጁ መርፌ የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል። የቪትዝ መርፌ ግማሽ እስኪደርስ ይንቀራፈፍና ከዚያ በኋላ ይሮጣል።

እስከ የካቲት 2017 ድረስ ቪትዜ በአንድ ሊትር 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄድ ነበር። የአዲስ አበባ መንገድና መጨናነቅ ላይ ይህ ጥሩ ነው። መጋቢት ላይ 11 ሆነች። ሚያዝያ 10.2። ሰኔ ሲገባ 9.5። ሠላሳ ሊትር ቀድቼ 420 ኪሎ ሜትር የምነዳዋ ሴትዮ 285 ላይ ማደያ ሰልፍ ውስጥ እገኝ ጀመር። ሊትሩ ከመቶ ብር ባለፈበት ዓመት ማለት ነው።

የጠየቅሁት ሰው ሁሉ መልስ ነበረው። ቢሮ ያሉት «ቤንዚኑ ነው፣ ይቀላቅሉበታል» አሉኝ። ማደያ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አጎቴ «ዕድሜዋ ነው፣ ሽጫት» አለኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክተው አነበቡና «ምንም የብልሽት ኮድ የለባትም፣ ግን ኦክስጅን ሴንሰሩ ሳይደክም አይቀርም» አሉኝ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሴንሰር በ4,500 ብር አስገዙኝ፣ ለእጅ 800 ከፈልኩ። ሁለተኛው ጋራዥ ኢንጄክተር አጠበልኝ፣ 2,500። አየር ፊልትሮ ቀየረ፣ 900። ካንዴላም ቀየረ፦ አንዱ በ850 ሒሳብ አራት ካንዴላ፣ 3,400። በሁለቱም ቦታ መካኒኮቹ የሚያስረዱት ታናሽ ወንድሜን ነበር። መንጃ ፈቃድ የለውም። የመጣው ብቸኝነት እንዳይሰማኝ ነው። አንደኛው ጭራሽ ወደ እሱ ዞር ብሎ «ሴት ስትነዳው አረጋገጧ ይለያል፣ ያኔ ይበላል» አለው። እኔ ቆሜ እየሰማሁ።

12,100 ብር ወጣ። ውጤቱ 9.7። ሦስተኛ ቦታ «የቤንዚን ፖምፓ ነው፣ 9,000 ብር ያዢ» ሲሉኝ ቁልፌን ይዤ ወጣሁ።

የገርጂውን ጋራዥ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከገርጂ መብራት ኃይል ወደ ውስጥ ሲገባ ያለ የቆርቆሮ በር ነው። ሰሌዳ የለውም። ምልክቱ በሩ አጠገብ ጀበና ጥዳ የምትቀመጠው ሴት ናት። ባለቤቱ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው፣ ረዳቶቹም ደንበኞቹም «ጋሼ» ይሏቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። መጀመሪያ የገረመኝ ነገር ኮፈኑን አለመክፈታቸው ነው። መሣሪያም አልሰኩም። ከአሮጌ ላዳ ተነቅሎ የወጣ ወንበር ነበር፣ እሱ ላይ አስቀመጡኝና «ልጄ፣ መቼ ነው የጀመራት?» አሉኝ።

ደብተሬን አወጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ገጽ አነበቡ። እስካሁን ያንን ደብተር ያነበበ መካኒክ አልነበረም። ጣታቸውን የካቲት መጨረሻ ላይ አሳርፈው «እዚህ ጋ ምን ሆና ነበር?» አሉ።

አስታወስኩ። አንድ ማታ መገናኛ ጭንቅንቁ ላይ ቆሜ ቀዩ የሙቀት መብራት በርቶብኝ ነበር። ሞቀች። በማግስቱ ሰፈር ያለ መካኒክ ወሰዳትና ማታ መለሰልኝ።

«ምን ሠራሁ አለሽ?»

«ውኃ ጎድሏት ነበር፣ አስተካክያለሁ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሞቃ አታውቅም።»

«አትሞቅማ» አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ። «ይቺ ሰማያዊ መብራት አለች አይደል፣ ጠዋት ስታስነሺ የምትበራው? የት ስትደርሺ ነው የምትጠፋው?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የቪትዝ ባለቤቶች ታውቃላችሁ፣ የእኔ ዓይነት ሞዴል የሙቀት መርፌ የለውም። ሁለት መብራት ብቻ ነው ያለው፣ ቀይና ሰማያዊ። ቀዩ ሞቃለች ማለት ነው። ሰማያዊው ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቀይ አደጋ፣ ሰማያዊ ሰላም ነው ብዬ ነበር የምኖረው። አስቤ «ጉርድ ሾላ አካባቢ» አልኳቸው። ከአያት ጉርድ ሾላ! «እሑድ ከእንጦጦ ስወርድ ደግሞ ተመልሳ በራች» ብዬ ጨመርኩ። እሳቸው ረዳታቸውን አዩት፣ ረዳቱ ሳቀ። ያወቁት ያኔ ነው። ግን አልነገሩኝም።

«አሁን ሞቃለች፣ ምንም አታወራኝም። አሳድሪያት» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ቁርሴን በልቼ ስላልነበር ከጀበናዋ ሴት አንድ ስኒ ጠጣሁ (ለቡናው ብቻ አምስት ከአምስት)። ጋሼ ማንበቢያቸውን ከመሪው ሥር ሰኩ። እኔ ራሴ ከዚያ በፊት ርካሽ ብሉቱዝ ማንበቢያ ገዝቼ ሞክሬ ነበር። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ ቪትዞች እንደዚያ ካለው ዕቃ ጋር ብዙ ጊዜ አይግባቡም። የእኔም አልተግባባችም። የሳቸው ግን አነበበ። ኮድ አልፈለጉም። ኮድ እንደሌለ እኔም ነግሬያቸዋለሁ። የሚያዩት የሙቀቱን ቁጥር ነበር። ሲነሳ 17 ዲግሪ። ሞተሩ እየሠራ እጄን ይዘው ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ አስነኩኝ። ጥቂት ደቂቃ እንኳ አልሆነም፣ ለብ ብሏል።

«ይሄ ቱቦ አሁን በረዶ መሆን ነበረበት» አሉ። «ሞተሩ ሳይሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር መሄድ የለበትም። የሚከለክለው በር አለ። በሩ የለም ማለት ነው።»

ከዚያ ይዘናት ወጣን። ማንበቢያው እኔ ጭን ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ነድተን ቁጥሩ 61 ደረሰ። ቁልቁለት ላይ ወደ 54 ወረደ። ተመልሰን ገባን፣ እስኪበርድ ጠበቅን፣ የቴርሞስታቱን ቤት ፈቱት። ባዶ። ክዳኑ ተመልሶ ታስሯል፣ ውስጡ ምንም የለም።

ለማያውቅ ሰው እንደገባኝ ላስረዳ። ቴርሞስታት የስኒ አፍ የምታህል ትንሽ በር ናት። ውስጧ ሰም አለ። ውኃው 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰሙ ይቀልጥና ያብጣል፣ በሯን ገፍቶ ይከፍታታል፣ ውኃው ራዲያተር ሄዶ ይቀዘቅዛል። ሲበርድ ደግሞ ትዘጋለች። እኛ አገር መኪና ሞቀ ሲባል ብዙ መካኒኮች የሚያደርጉት የመጀመሪያ ነገር እሷን አውጥቶ መጣል ነው። «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፣ እኛ አያስፈልገንም» ይላሉ። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ቢለው እንኳ ትክክል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ፣ በሰኔ ጠዋት? ጋቢ ለብሰን የምንወጣበት ከተማ?

በሯ ስትጠፋ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቁጥሩን አይቶ «ገና አልሞቅሁም» ብሎ ያስባል፣ ስለዚህ ቤንዚን ያበዛል። ሥራው ነው፣ ተሳስቶ አይደለም። እሳት ሲያያዝ ብቻ የሚጨመረውን ጭራሮ ቀኑን ሙሉ እንደ መማገድ በሉት። ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ይቆያል፣ ካምቢዮውም ሞተሩ እስኪሞቅ ዙሩን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ኮድ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል፦ ምንም የተበላሸ ሴንሰር የለም። 4,500 ብር የከፈልኩበት ኦክስጅን ሴንሰር ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር። እና ደብተሬ ላይ ፍጆታው ከመጋቢት ወደ ሰኔ እየባሰ የሄደው ብርዱ ስለጨመረ ነው። ይህን ጋሼ ሲነግሩኝ ደብተሩን ማቀፍ ነው የቀረኝ።

«ይቺን መግጠም ብቻ ግን አይበቃም» አሉኝ። «መጀመሪያ ለምን ሞቀች?» ፋኑን በቀጥታ ሽቦ አስነሱት፣ ሠራ። ሪሌውን፣ ማለትም ለፋኑ መብራት የሚያገናኝለትን ማብሪያ፣ ፈተሹ፣ ሞቷል። በየካቲት የነበረው ችግር ይኸው ነበር። ጭንቅንቅ ላይ ቆማ ፋን ስለማይነሳላት ሞቀች። ያ የሰፈር መካኒክ ሪሌውን ሳይነካ በሯን ነቅሎ ጣላት። የራዲያተሩ ክዳን ጎማም ተሰነጣጥቆ ነበር። እሱን ሲያሳዩኝ ያስተማሩኝ ነገር አለ፦ አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ ከፍታው ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞተሩ ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ (ለሞተር ማቀዝቀዣ የተዘጋጀው ፈሳሽ) ነው። የእኔ ክዳን አይይዝም፣ ውስጧ ያለው ደግሞ የቧንቧ ውኃ ነበር፣ ዝገት የመሰለ።

ዕቃውን ራሴ እንድገዛ ላኩኝ። ይህ አንዳንዱን ሰው ሊያናድድ ይችላል፣ እኔ ግን ዋጋውን በዓይኔ ስላየሁ ወደድኩት። በወረቀት ቁራጭ የሞተሩን ስም ጻፉልኝ፣ አንድ ኬአር። «82 የተጻፈበትን» አሉኝ። ሻጩ 76 የተጻፈበት ሰጥቶኝ «ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም። ጋሼ አገላብጠው አይተው መልሰው ላኩኝ። በዝናብ።

ከዚያ የመጣው ነገር ነው ከሌሎቹ የለያቸው። ረዳቱ የፊት ግራ ጎማን ሲያነሳና በእጁ ሲያሽከረክር እንደሚከብድ አይቷል። ፍሬኑ ይይዛል። የጎማዎቹም ንፋስ በሹፌሩ በር ጥግ ከተለጠፈው ቁጥር በ8 ያነሰ ነበር። እኔ ሁሉንም አሁኑኑ ሥሩልኝ አልኩ። «አይሆንም» አሉኝ። «ዛሬ ሙቀቱን ብቻ። አንድ ታንክ ንጂና ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ሁሉን ባንዴ ከሠራሁልሽ የትኛው እንደበላሽ አታውቂም፣ እኔም አላውቅም።» እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ይህን ሊነግሩኝ አይገባም ነበር። ግን ነገሩኝ።

ቴርሞስታቱ ከማሸጊያ ጎማው ጋር 2,600፣ ሪሌ 700፣ ክዳን 650፣ ኩላንት 1,900፣ የእጅ 2,500። በድምሩ 8,350 ብር። ስንፈትሻት ቁጥሩ ወደ ሰማንያዎቹ ወጥቶ እዚያው ተቀመጠ። ጋራዡ ውስጥ አቁመን ስንጠብቅ 95 አካባቢ ላይ ፋኑ ተነሳ፣ ቆይቶ ቆመ። ረዳቱ እጁን አጨበጨበ።

በዚያ ታንክ 30 ሊትር 378 ኪሎ ሜትር ሄደ። 12.6። ከዚያ ተመልሼ ፍሬኑን አስፈታሁ። የፍሬኑን መያዣ የሚያንሸራትቱት ፒኖች ደርቀው ነበር፣ አጽድተው ግራሶ ቀቡልኝ። ጎሚስታ ጋ ንፋስ አስሞላሁ። ቀጣዩ ታንክ 408፣ ማለትም 13.6። ስለዚህ ከጠፋው አብዛኛውን የበላችው ያልነበረችው በር ናት፣ ፍሬኑና ንፋሱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ። በወር 900 ኪሎ ሜትር የምነዳ ሰው ነኝ፣ በ9.5ና በ13.6 መካከል ያለው ልዩነት 28 ሊትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ብሩን እናንተ አባዙት።

አሁን ወቀሳዬ። ደረሰኝ የላቸውም። ሂሳቡን የጻፉልኝ የዘይት ካርቶን ቀደው ነው፣ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ይህን ማለፍ አልችልም፣ አንዷ ኮከብ የሄደችው በዚህ ነው። ስልክ አያነሱም። በ12ና በ19 አይከፍቱም። እኔ ሳላውቅ በገብርኤል ዕለት ሄጄ የቆርቆሮውን በር ሳንኳኳ ጀበናዋ ሴት ናት የነገረችኝ። ግቢው በክረምት ጭቃ ነው፣ በሸራ ጫማ አትሂዱ። ላሜራና ቀለም አይሠሩም፣ ለኤሌክትሪክ ሥራም ወደ ሌላ ሰው ይልካሉ። ቸኩሎ የመጣ ሰው አይወዱም። መኪናዬ በጠቅላላው አራት ቀን እሳቸው ጋ ነበረች፣ በዚያ ጊዜ በታክሲ ሰልፍ ላይ ያጠፋሁትን ሰዓት አልቆጠርኩም።

ይቆጣሉም። ከእንጦጦ ስወርድ ቤንዚን እንዲቆጥብልኝ ፍሪ አድርጌ እንደምወርድ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር በማርሽ ቁልቁል ሲወርድ፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል፣ የሚያዞረው ጎማው ነው። ፍሪ ከሆነ ግን እንዳይጠፋ ቤንዚን መስጠት አለበት። «ስለዚህ አንቺ የምትቆጥቢው ፍሬን ለማቃጠል ነው» አሉኝ። ጀበናዋ ሴት ሁሉ ሰማች። ግን ስናገር ያዩት የነበረው እኔን ነበር። ወንድሜም ያን ቀን አብሮኝ ነበር፣ ላዳው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ካንዴላዎቹን ሲያዩ አዲስ መሆናቸውን አረጋገጡልኝ፣ ያ ገንዘብ ቢያንስ ዕቃ ሆኗል። ደብተሬ ላይ ግን ሒሳቡን አነበቡና ዝም አሉ። ከዚያ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቆጠሩ፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ አራተኛዋን የት ሰካልሽ?»

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያ ሁለተኛው ጋራዥ ሄጄ 850 ብሬን ጠየቅሁ። «መጠባበቂያ ናት፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀምጠንልሽ ነበር» አሉኝ። ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው የመድን ወረቀትና የልጄ የፀሐይ መነጽር ነው።

ሰማያዊዋ መብራት ዛሬ ጠዋት አያት አደባባይ ሳልደርስ ጠፋች።